ከዛጎል ክምር የወጡ ሴቶች

በኢኳዶር ጠረፍ፣ ከሳንታ ኤሌና ልሳነ ምድር ወደ ሰሜን ሲዘለቅ፣ ቫልዲቪያ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። በስሟ የሚጠራው ወንዝ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ጋር የሚገናኘው እዚያው ነው። በዚያ መሬት የቆፈረ ሰው ከአፈር ይልቅ ዛጎል፣ የዓሣ አጥንት፣ ከሰል፣ አመድና የማሰሮ ገል ያገኛል። ጥንት በቦታው የኖሩት ሰዎች ከባሕር ያወጡትን በልተው ዛጎሉን ጣሉ፤ የተሰበረባቸውንም ዕቃ በላዩ ጣሉበት። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸውም እንዲሁ እያደረጉ ክምሩ ከሰው ቁመት በላይ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1956 ኤሚሊዮ ኢስትራዳ የተባለ የጓያኪል ሰው ስለዚህ ቦታ አንድ ጥናት አሳተመ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኢስትራዳ የዩኒቨርሲቲ ሰው አልነበረም። ሙያው ንግድ ነው፤ የጓያኪል ከንቲባም ሆኖ ሠርቷል። ግን የአገሩ ጥንታዊ ታሪክ እንቅልፍ ይነሣው ነበር። በዚያን ጊዜ ስለ ደቡብ አሜሪካ ጥንታዊነት ሲነሣ ሁሉም የሚያወራው ስለ ፔሩ ነው፤ የኢኳዶር ጠረፍ ግን ከታሪኩ ዳር ላይ የቀረ መሬት ነበር። ኢስትራዳ በገዛ ገንዘቡ ሰው እያሰማራ፣ እሱም አብሮ እየቆፈረ፣ የጠረፉን ቦታዎች አንድ በአንድ ያስስ ጀመር። ቫልዲቪያን ለየት ያደረገው ከዚያ ቀደም ከሚያውቃቸው ባህሎች ሁሉ የራቀ ገል መውጣቱ ነበር። ገሉ ወፍራም ነው፤ በቀይ ቀለም ተለብጧል፤ በጭረትና በቡርቡር መስመር አጊጧል።

ከገሉ መሐል ደግሞ የማሰሮ ስባሪ ያልሆኑ ነገሮች ይወጡ ነበር። ትናንሽ ሴቶች።

አብዛኞቹ ከአንድ መዳፍ አያልፉም። አንዷን ቀረብ ብለን እንያት። ፊቷ ትንሽ ነው፤ ፀጉሯ ግን ትልቅ ነው። ከግንባሯ ተነሥቶ በጉንጮቿ ግራና ቀኝ ይወርድና ፊቷን እንደ ክፈፍ ይይዘዋል፤ በላዩ ላይ የተበጠረ እስኪመስል ድረስ ቀጫጭን መስመሮች ተስበውበታል። ቅንድቧ፣ ዓይኗና አፏ ጭቃው ሳይደርቅ በሹል ነገር የተጫሩ አጫጭር ሰረዞች ናቸው። አምስት ጭረት ብቻ ነው፤ ግን በቂ ነው። አንዷ የተቆጣች ትመስላለች፤ ሌላዋ እንቅልፍ የወሰዳት። ጡቷ ጎላ ብሎ ይታያል። እጆቿ ከጡቷ ሥር ተጣጥፈዋል፤ አንዳንዶቹ ላይ እጅ ጨርሶ የለም። እግሮቿ እየቀጠኑ ወርደው በሹል ጫፍ ያልቃሉ፤ መርገጫ የላቸውም። ስለዚህ ይህች ሴት በራሷ አትቆምም። ወይ በእጅ ትያዛለች፣ ወይ ትጋደማለች፣ ወይ አፈር ውስጥ ትሰካለች።

አሠራሯም ከስብራቷ ይነበባል። ሠሪው ሁለት ድብልብል ጭቃ አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ከወገብ በላይ አንድ ላይ ጫናቸው፤ ከወገብ በታች ሳይነካካ ተዋቸው፤ እነሱ እግር ሆኑ። ፀጉሩ ለብቻው የተዘጋጀ ጠፍጣፋ ጭቃ ነው፤ በራሷ ላይ ተደረበ። ከዚያ ቀይ አፈር በውሃ ተበጥብጦ ተቀባ፤ በለስላሳ ድንጋይ ታሽቶ እንዲያበራ ተደረገ፤ በመጨረሻም በእሳት ተተኮሰ። ሲሰበሩ ብዙዎቹ በቁመታቸው የሚሰነጠቁት ሁለቱ ድብልብሎች በተጣበቁበት መስመር ላይ ስለሆነ ነው።

ኢስትራዳ ይህን ሁሉ ብቻውን ይዞ መቀመጥ አልፈለገም። በዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን ተቋም የሚሠሩትን ቤቲ ሜገርስንና ባለቤቷን ክሊፎርድ ኢቫንስን ጋበዘ። ሁለቱ ቀደም ብለው በአማዞን ወንዝ አፍ፣ በማራዦ ደሴት ላይ ቆፍረዋል፤ ገል መቁጠርና መደርደርን እንደ እነሱ የሚያውቅ ጥቂት ነበር። ሦስቱ አብረው የቫልዲቪያን ክምር በተወሰነ የሳንቲ ሜትር ልክ ደረጃ በደረጃ እያወረዱ ቆፈሩ። ከየደረጃው የወጣው ገል እየተቆጠረ፣ በጌጡ ዓይነት እየተለየ ተመዘገበ። የሴቶቹም ምስሎች እንዲሁ። ከታችኞቹ ደረጃዎች ከድንጋይ የተቀረጹ ምስሎች ወጡ፤ ገጻቸው ያልተሠራ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፣ ሰውነቱ የሚታወቀው እግሩን በሚለይ ቁርጥ ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ባሉት ደረጃዎች ሸክላው ድንጋዩን ተካው።

ከሰሉ ወደ ሬዲዮካርቦን ላቦራቶሪ ተላከ። የመጣው ውጤት ከ4,000 ዓመት በላይ የሚል ነበር፤ ኋላ የመጣው እርማት የባህሉን መነሻ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 3500 ገደማ ገፍቶታል። በዚያን ጊዜ በሁለቱ አሜሪካዎች ከቫልዲቪያ የሚቀድም ሸክላ አይታወቅም ነበር። ሴቶቹም በአዲሱ ዓለም ከተገኙት የሸክላ የሰው ምስሎች ሁሉ ቀደምት ሆነው ተመዘገቡ። ከታሪክ ዳር የነበረው ጠረፍ በአንድ ጊዜ መሐል ገባ።

ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ የዞረውም እዚህ ላይ ነው።

ተመራማሪዎቹን ያስቸገረ አንድ ጥያቄ ነበር። ከክምሩ ሥር የወጣው ሸክላ የጀማሪ ሥራ አይመስልም። የማሰሮው ቅርጽ የታሰበበት ነው፤ ጌጡም ብዙ ዓይነት ነው። ሙከራው የታለ? እጅ ያልፈታ ሰው የሠራው፣ የተንጋደደው፣ በእሳት የፈነዳው የመጀመሪያው ማሰሮ የት ሄደ? ከታች ምንም ካልተገኘ ጥበቡ ተጠናቆ ከሌላ ቦታ መጥቷል ማለት ነው ብለው አሰቡ። የየትኛው አገር ሸክላ ይመስላል ሲባል፣ ኢስትራዳ ራሱ ከመጻሕፍት ባየው ሥዕል ተመርቶ ወደ ጃፓን ጠቆመ። የጃፓን የጆሞን ዘመን ሸክላ ከቫልዲቪያ በብዙ ሺህ ዓመት ይቀድማል። በኪዩሹ ደሴት ከተገኘው ገል ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ የዚግዛጉ ጭረት፣ በዛጎል ጠርዝ የተወጋው ጌጥ፣ በጣት የተሳበው ቡርቡር፣ ጫፍ ጫፍ አውጥቶ የተሠራው የማሰሮ ከንፈር በእርግጥ ይመሳሰላል። ፎቶግራፎቹን ያየ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ኢስትራዳ በ1961 በ45 ዓመቱ ሞተ። ሥራውን ጨርሰው ያወጡት ሜገርስና ኢቫንስ ናቸው። በ1965 የስሚዝሶኒያን ተቋም የሦስቱንም ስም የያዘውን ትልቅ ዘገባ አሳተመ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ሐሳቡ በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ለብዙ አንባቢ ቀረበ። ታሪኩ እንዲህ ነው። የዛሬ 5,000 ዓመት ገደማ የኪዩሹ ዓሣ አጥማጆች ባሕር ላይ ሳሉ አውሎ ነፋስ ያዛቸው። ማዕበሉ ወደ ሰሜን ፓስፊክ ወሰዳቸው፤ ከዚያ የውቅያኖሱ ጅረት ተቀብሎ፣ ከ14,000 ኪሎ ሜትር በላይ አጉዞ፣ በመጨረሻ ኢኳዶር ጠረፍ ላይ ጣላቸው። እዚያ ያገኟቸውን ሰዎች ሸክላ መሥራት አስተማሯቸው።

ይህ ታሪክ ወዲያው ዓለምን ዞረ። የመጥፋትና የመትረፍ ታሪክ ነው፤ ጀልባ አለው፣ ማዕበል አለው፣ ሩቅ አገር አለው። ኢኳዶርን ከዚያ ቀደም ቀርቧት ከማያውቀው የዓለም ታሪክ ጋር የሚያገናኝም መሰለ። ግን ምስሎቹ ከታሪኩ ወጡ። ጃፓንም የጆሞን ዘመን የሸክላ ምስሎች አሏት፤ ቅርጻቸው ግን ሌላ ነው፤ ሜገርስና ኢቫንስም መከራከሪያቸውን ያቆሙት በማሰሮዎቹ ጌጥ ላይ ነው። የራሳቸው መዝገብ ምስሎቹ እዚያው ከድንጋይ ወደ ሸክላ እንዳደጉ ያሳያል። የአገሬው ሰው ምስል የመቅረጽ ልማድ የራሱ ከሆነ፣ ጭቃን ማሸትና መተኮስ እንዴት ከባሕር ማዶ ብቻ ሊመጣ ይችላል? ይህ ጥያቄ በዚያው መጽሐፍ ገጾች መሐል ነበር። ጮክ ብሎ የጠየቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ሌላም አለ። በደቡብ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ሸክላ መሥራት በአብዛኛው የሴቶች ሙያ ነው። ታሪኩ ግን ይህን ሁሉ ጥበብ በጥቂት ዓሣ አጥማጅ ወንዶች ጀልባ ላይ ጫነው። እነዚያ ሰዎች በወራት ረሃብና ጥማት ውስጥ አልፈው፣ በሕይወት ደርሰው፣ ቋንቋቸውን ለማይሰማ ሕዝብ ምናልባት ራሳቸው በእጃቸው ሠርተው የማያውቁትን ሙያ አስተማሩ ማለት ነው። ይህ ለእኔ ከማዕበሉ ይልቅ ለማመን የሚከብደው ክፍል ነው።

መልሱ ከዚያው ከክምሩ ሥር መጣ። ሄኒንግ ቢሾፍ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ከኢኳዶራዊው ከሁሊዮ ቪቴሪ ጋምቦዋ ጋር ሆኖ ቫልዲቪያን እንደገና ቆፈረ። ቪቴሪ የኢስትራዳ የሥራ ባልደረባ የነበረ፣ ቦታውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። ሁለቱ መሬቱ ተዳፋት መሆኑን፣ ከላይ የተንሸራተተ ቆሻሻ ከታችኛው ጋር መቀላቀሉን አስተዋሉ። በእኩል ልክ ደረጃ በደረጃ የወረደ ቁፋሮ እንዲህ ያለውን መደባለቅ አያይም፤ የአፈሩን የተፈጥሮ ንብርብር ተከትሎ የሚወርድ ቁፋሮ ያያል። በተፈጥሮው ንብርብር ሲወርዱ ከቫልዲቪያ ገል በታች ሌላ፣ የሚቀድም ገል አገኙ። ሳን ፔድሮ ብለው ሰየሙት፤ በ1972 አሳተሙት። ከጃፓን ገል ጋር እጅግ ይመሳሰላሉ የተባሉት ጌጦች የመጀመሪያው ዘመን ሥራ አለመሆናቸውም በዚያው ታየ። የጎደለው ሙከራ የጠፋው ስላልነበረ አይደለም፤ ገና ስላልተቆፈረ ነው።

ከሌላ ወገን ደግሞ የባሕሩ ነገር ተመረመረ። ጎርደን ማኪዋንና ብሩስ ዲክሰን በ1978 የሰሜን ፓስፊክን ነፋስና ጅረት ከዘመኑ ጀልባ አቅም ጋር አስተያይተው ጉዞው ሊሆን የሚችል እንዳልሆነ ጻፉ። በኮሎምቢያ የካሪቢያን ጠረፍ ፑዌርቶ ኦርሚጋ ላይ ሄራርዶ ሬይቸል ዶልማቶፍ ያገኘው ሸክላ ቫልዲቪያን የሚያህል ዕድሜ አወጣ። በ1991 አና ሩዝቬልት ከታችኛው አማዞን፣ ከታፔሪኛ የዛጎል ክምር፣ ከ7,000 ዓመት የሚዘልል ሸክላ አቀረበች። ያ ሸክላ ፊቱ ወደ አትላንቲክ ነው። ከጃፓን ተነሥቶ እዚያ የሚደርስ ማዕበል የለም።

ዶናልድ ላትራፕ ከሩዝቬልት ግኝት ብዙ ቀድሞ ዓይኑን ከባሕሩ ወደ ውስጥ አገር አዙሮ ነበር። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ላትራፕ በፔሩ ኡካያሊ ወንዝ ዳር ከሺፒቦ ሴት ሸክላ ሠሪዎች መሐል ተቀምጦ ሥራቸውን ያጠና ሰው ነው። የቫልዲቪያ ሰዎች ከባሕር ቀለብ በላይ እርሻ የሚያውቁ፣ ወንዝ ወንዙን ይዘው ከውስጥ ወደ ጠረፍ የወረዱ ናቸው ብሎ ይከራከር ነበር። ዓሣ አጥማጅ የመሰሉን እኛ ጠረፉን ብቻ ስለቆፈርን ነው ማለቱ ነው። የቫልዲቪያን ወንዝ ተከትሎ ወደ ላይ በሚገኘው በሎማ አልታ ፕሬስሊ ኖርተን ሲቆፍር፣ ከባሕር ርቆ፣ የጥንቱን የቫልዲቪያ ዘመን መንደር አገኘ። ከሁሉ የላቀው ማስረጃ ግን ሬያል አልቶ ነው።

ሬያል አልቶን ያገኘው ኢኳዶራዊው ሆርሄ ማርኮስ ነው። ቦታው በሳንታ ኤሌና ልሳነ ምድር፣ በቻንዱይ አካባቢ፣ ከባሕሩ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ከፍታ ላይ ነው። በ1974 እና 1975 ማርኮስና ላትራፕ ሰፊ ቁፋሮ አካሄዱ። እዚህ የቆፈሩት ጠባብ ጉድጓድ አይደለም። አፈሩን በሰፊው እየገፈፉ ወለሉን ገለጡት። ከሥሩ የወጣው ቆሻሻ መጣያ ሳይሆን መንደር ነው። ሞላላ ቤቶች በረድፍ ቆመዋል፤ የግድግዳቸው ግንድ የገባበት ቦይ በአፈሩ ላይ በግልጽ ይታያል። መሐሉ አደባባይ ነው። በአደባባዩ ላይ ሁለት ጉብታዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ በአንዱ ላይ ሰው ተሰብስቦ የሚበላበትና የሚጠጣበት ቤት ነበር፤ በሌላው ላይ የሙታን ቤት።

በሙታኑ ቤት መግቢያ ሥር አንድ መቃብር ተገኘ። የተቀበረችው ሴት ናት። ጉድጓዱ የተለበጠው በወፍጮና በመጅ ነው። ቆፋሪዎቹ ስባሪ ወፍጮ፣ ሙሉ ወፍጮ፣ መጅ፣ እንደገና ወፍጮ እያነሡ ነው ወደ አጥንቷ የደረሱት። በአጠገቧ አካሉ የተቆራረጠ ወንድ ከድንጋይ ቢላዎች ጋር ተቀብሯል። ያ ቤት ተሠርቶ ሲያበቃ፣ ወደዚያ የገባ ሰው ሁሉ በእሷ ላይ ተራምዶ ነው የገባው። ስለ ማዕረጓ የጻፈልን የለም፤ ግን አንድ ሕዝብ እህል የፈጨበትን ድንጋይ ሰብስቦ ያለበሳት ሴት በዚያ መንደር ዘንድ ማን እንደነበረች ለመገመት ብዙ አይከብድም።

የሚፈጨውስ ምን ነበር? ዴቦራ ፒርሶል ከሬያል አልቶ አፈር ውስጥ ፊቶሊት ለይታ አወጣች። ፊቶሊት ተክሉ በሕይወት ሳለ በሰውነቱ ውስጥ የሚያጠራቅመው፣ ቅጠሉ በስብሶ ሲጠፋ የሚቀር፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ደቃቅ ድንጋይ ነው። ከተገኙት መሐል የበቆሎ ነበረበት። የጥጥ ጨርቅም ነበራቸው፤ ጨርቁ ቢጠፋም ባልደረቀ ጭቃ ላይ ያረፈበት የሽመና አሻራ ቀርቷል። ጄምስ ዛይድለር ደግሞ በአንድ ቤት ወለል ላይ የወደቀውን ሁሉ በካርታ አስፍሮ፣ በምሥራቅ ኢኳዶር የአቹዋር ሕዝብ ዛሬ ከሚኖርባቸው ቤቶች ጋር አስተያየው፤ የቤቱ የትኛው ጎን የሴቶች፣ የትኛው የወንዶች ሥራ ቦታ እንደነበር ለመለየት።

የሸክላዎቹ ሴቶችም እዚህ በቦታቸው ተገኙ። ከቤቱ ወለል፣ ከቤቱ ዙሪያ፣ ከቤቱ ጥራጊ መሐል። እነዚህ በሩቅ ቤተ መቅደስ የቆሙ ጣዖታት አልነበሩም፤ የቤት ነበሩ። ደግሞም ተሰባብረው ነው የተገኙት። ሙሉ የሆነች እጅግ ጥቂት ናት። አንገቷ ላይ የተቀነጠሰች፣ ወገቧ ላይ የተሰበረች፣ በቁመቷ የተሰነጠቀች፣ እግር ብቻ፣ ፀጉር ብቻ።

ለምን ይሰበራሉ? ሜገርስና ኢቫንስ በዚያው በ1965 መጽሐፋቸው አንድ መልስ ሰጥተዋል፤ የጃፓኑን ታሪክ የማይቀበሉ ሰዎች እንኳ ይህን ሐሳብ አክብረው ይዘውታል። በፓናማ የጉና ሕዝብ ዘንድ የታመመ ሰው ሲታከም ከእንጨት የተቀረጹ ምስሎች ይዘጋጃሉ፤ የሐኪሙ መናፍስት ረዳቶች በእነሱ ይገባሉ። በአካባቢው ባሉ ሌሎች ሕዝቦች ዘንድ ሥርዓቱ ሲያልቅ ምስሉ ይጣላል፤ ሥራው አብቅቷልና። የቫልዲቪያም ሴቶች እንዲሁ ለአንድ በሽታ፣ ለአንድ ምጥ፣ ለአንድ ቀን ጭንቀት የተሠሩና በማግስቱ የተጣሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ብዛታቸውንም፣ ስብራታቸውንም፣ ከጥራጊ መሐል መገኘታቸውንም ይገልጻል።

ፀጉራቸውን ግን አይገልጽም። ለአንድ ሌሊት የሚሠራ ነገር ከሆነ፣ ያን ሁሉ ድካም በፀጉር ላይ ማፍሰስ ለምን አስፈለገ?

ይህን በቁም ነገር የጠየቀችው ኮስታንዛ ዲ ካፑዋ ናት። ጣሊያን ተወልዳ ኪቶ የኖረችው ይህች ተመራማሪ ምስሎቹን አንድ በአንድ ስትመለከት የፀጉሩ ልዩነት የሠሪው ዘፈቀደ አልመስላት አለ። አንዳንዷ ራሷ ተላጭቷል። አንዳንዷ ግማሹን ተላጭታ ግማሹን ትታዋለች። አንዳንዷ ፀጉሯ አጭር ነው፤ ሌላዋ ትከሻዋ ላይ የተኛ ሙሉ ፀጉር አላት። ዲ ካፑዋ እነዚህን ከሰውነታቸው ጋር አስተያየች፤ ጡት ያላወጣችውን፣ ጡቷ ጎላ ያለውን፣ እርጉዟን። በ1994 ባሳተመችው ጥናት ምስሎቹ ሴት ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የሚደረግላትን ሥርዓት የሚከተሉ ናቸው አለች፤ ፀጉሩ ልጅቷ ከሥርዓቱ የትኛው ደረጃ ላይ እንደደረሰች ይናገራል።

አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ያስቀረችን ልጃገረድ ሳዱላ ብሎ የሚጠራ፣ ስታገባ ፀጉሯን እንደምታሳድግ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። እኔ የዲ ካፑዋን ሐሳብ የምወድደው ምስሎቹን አይታ የተናገረችው ስለሆነ ነው። ከእሷ በፊት የመጣው ብዙ ጽሑፍ ሴት፣ ጡትና ጭን ካየ ወዲያው የመራባት አምላክ ብሎ ያልፋል፤ ሠሪው የደከመበትን ፀጉር ግን እንደ ጌጥ ቆጥሮ ይተወዋል። እሷ ሠሪው ከሁሉ አብልጦ የደከመበት ቦታ ላይ ቆመች። የሕክምናው ሐሳብና የእሷ ሐሳብም የግድ አይጣሉም። ልጅ ወደ ሴትነት ስትሻገር ምስል ተሠርቶላት፣ መሻገሩ ሲያልቅ ምስሉ ተሰብሮ ሊጣል ይችላል፤ ለሕመምም ሌላ ምስል ሊሠራ ይችላል። ባህሉ 2,000 ዓመት ያህል ቆይቷል፤ በዚያ ዘመን ሁሉ አንድ ነገር ለአንድ ጉዳይ ብቻ ዋለ ብሎ መጠበቅ አይገባም። ሁለት ራስ ያላቸው ምስሎችም አሉ፤ በባህሉ ማብቂያ ላይ ደግሞ በዱካ የተቀመጡ ወንዶች ብቅ ይላሉ፤ እነዚህ ከሁለቱም ማብራሪያ ውጭ ናቸው።

ይህን ሁሉ ክርክር የሚያስቸግረው የማስረጃው ጥራት ነው። የቫልዲቪያ ስም ከታወቀ ጀምሮ ምስሎቹ ገበያ ወጡ። መቃብርና ክምር እየበረበሩ የሚሸጡ ሰዎች ያገኙትን ከቦታው ነቅለው ለሰብሳቢ ሰጡ። የቫልዲቪያ መንደር ሸክላ ሠሪዎችም የጥንቶቹን እየተመለከቱ ይሠሩ ጀመር፤ ዛሬም ይሠራሉ። እጃቸው የተካነ ነው፤ ጭቃውም ያው የአካባቢው ጭቃ ነው። በቅጂነቱ የሚሸጠው ሥራቸው ኑሮ የሚደጉም የተከበረ ሙያ ነው፤ ጉዳት ያመጣው ቅጂው በደላላ እጅ ጥንታዊ ተብሎ ሲሸጥ ነው። እንዲህ እየሆነ በብዙ አገር ሙዚየምና በግል ስብስብ ውስጥ ያሉ፣ ከየት እንደወጡ የማይታወቁ ብዙ ምስሎች ለጥያቄያችን መልስ መስጠት አይችሉም። አንዷ ሙሉ ፀጉር፣ ሙሉ አካል ኖሯት፣ በመስታወት ውስጥ በመብራት ቆማ ሊሆን ይችላል፤ ግን ከየትኛው ንብርብር፣ ከየትኛው ቤት ጥግ እንደወጣች ካልተጻፈ፣ የተላጨችው ካልተላጨችው በፊት ትሁን በኋላ ልትነግረን አትችልም።

ክሊፎርድ ኢቫንስ በ1981 አረፈ። ቤቲ ሜገርስ እስከ 2012 ኖራ በ90 ዓመቷ ስትሞት የጃፓኑን ሐሳብ አልተወችም ነበር፤ ከእሷ ጋር የቆሙት ግን በጣም ጥቂት ነበሩ። ሆኖም የ1965ቱ መጽሐፍ ከመደርደሪያ አልወረደም። ሦስቱ ሰዎች ያወጡትን እያንዳንዱን የምስል ስባሪ ዓይነቱን ለይተው፣ ከየትኛው ጉድጓድና ከየትኛው ደረጃ እንደወጣ ጽፈዋል። ቢሾፍ ስለ ንብርብሩ ሲከራከር የተከራከረው ከዚያ ሰንጠረዥ ጋር ነው፤ ስለ ድንጋዮቹና ስለ ሸክላዎቹ ሴቶች ቅደም ተከተል የሚነሣው ክርክርም ዛሬ ድረስ የሚጀምረው ከዚያው ነው። በጓያኪልና በኪቶ ሙዚየሞች ያሉ ሙሉ ምስሎች ጎብኚ ይስባሉ፤ በጥናት ክፍሎች መሳቢያ ውስጥ በየከረጢቱ ያሉት አንገቶች፣ ወገቦችና እግሮች ደግሞ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። የዲ ካፑዋ ሐሳብ ትክክል ይሁን አይሁን የሚለየው በእነዚህ ነው፤ እያንዳንዷ የተላጨች ራስ ከየትኛው ቤት፣ ከማን ወፍጮ አጠገብ እንደወጣች ቁጥሯን ተከትሎ በማየት።